የጠፋው ጉብታ



ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ዕድገቱ ተገትቷል፤ ሰውነቱም ከፈቃዱ ውጭ ይንቀሳቀሳል። በጀርመን ያሉ ሐኪሞች አንጎሉን በፕሮቶን ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስፔክትሮስኮፒ ሲያዩት፣ በማንኛውም ጤነኛ አንጎል ግራፍ ላይ ጎልቶ የሚታየው የክሬቲን ጉብታ ጠፍቷል። ክሬቲን በአፉ ይሰጡት ጀመር። ጉብታው ቀስ በቀስ ብቅ አለ፤ ልጁም ተሻለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ይህ ታሪክ ከዚያ በፊት ስም ያልነበረውን፣ ግን ሊታከም የሚችለውን በሽታ አሳወቀን። ይህን እትም ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ለስፔክትሮስኮፒ የሚያገለግለው መሣሪያ የምናውቀው ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይ ምስል የሚሠራው በዋናነት ከውኃ ሃይድሮጂን ሲሆን፣ ስፔክትሮስኮፒ ግን የውኃውን ድምፅ ዝም አሰኝቶ በሺዎች እጥፍ የሚያንሱትን ሌሎች ሞለኪውሎች ያዳምጣል። የነርቭ ሕዋሳት ሲጎዱ ኤን-አሴቲል አስፓርቴት ይቀንሳል፤ በብዙ ዕጢዎች ኮሊን ይጨምራል፤ ኃይል ያጠረው አንጎል ላክቴት ያሳያል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። የኤን-አሴቲል አስፓርቴት መቀነስ በስትሮክም፣ በሚጥል በሽታም፣ በአልዛይመርም ይታያል፤ በካናቫን በሽታ ደግሞ በተቃራኒው ይጨምራል። ግራፉን ከታማሚው ታሪክ ነጥሎ ማንበብ ስሕተት ነው።

ስለዚህ የዚህን እትም ጽሑፎች ስታነቡ ግራፎቹን አትዝለሏቸው። ያለውን ጉብታ ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ፈልጉ።

አዘጋጁ