ሐያት፣ ሕይወት፣ ሔዋን፦ የአንድ ሥር ስሞች

በወልቂጤና በቡታጅራ ከሙስሊም ቤተሰብ ለሚወለዱ ሴት ልጆች ከሚወጡት የዘመኑ ስሞች አንዱ «ሐያት» ሲሆን፣ ከዐረብኛ መምጣቱና ፍቺውም «ሕይወት» መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። እምብዛም የማይነገረው፣ በዚያው ሰፈር የሚኖር ክርስቲያን ጎረቤት ለልጁ የሚያወጣው «ሕይወት» የተሰኘ ስም ከ«ሐያት» ጋር በፍቺ ብቻ ሳይሆን በትውልድም የሚዛመድ መሆኑ ነው። ግእዝና ዐረብኛ፣ እንደ ጉራጌ ቋንቋዎች ሁሉ፣ ሴማዊ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው፤ የግእዙ ግሥ «ሐይወ»፣ ማለትም «ኖረ፣ ዳነ»፣ ከዐረብኛው ጋር ሥሩን ይጋራል። ስለዚህ ሐያትን «የውጭ ስም» ብሎ መለየት ግማሹን እውነት ብቻ መናገር ነው።

የዝምድናው ሐረግ ከዚህም ይርቃል። ዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር ለሴት «ሐያ»፣ ለወንድ «ሐይም» የሚሉ ስሞች አሉት። ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 3 ቁጥር 20 ላይ አዳም ሚስቱን ሔዋን ያላት የሚኖሩ ሁሉ እናት ስለሆነች ነው በማለት ስሟን ከሕይወት ጋር ያያይዘዋል፤ ቅዱስ ቁርኣን በስም ባይጠራትም በእስልምና ትውፊት ሐዋ ትባላለች። ብሉይ ኪዳንን ወደ ግሪክ የመለሱት የጥንት ሊቃውንት ደግሞ በዚህ ቁጥር ላይ ስሟን በፍቺው «ዞኢ» ብለው ስለተረጎሙት፣ ዛሬ አውሮፓውያን ለሴት ልጆቻቸው የሚያወጡት ይህ ስም የሐያት የፍቺ አቻ ሆኗል። በፓኪስታንና በአፍጋኒስታን፣ ለጉራጌ ጆሮ እንግዳ ቢመስልም፣ ሐያት የወንድም ስም ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ በሚገኙበት በጉራጌ ምድር፣ ሐያትና ሕይወት የተባሉ የአክስትና የአጎት ልጆች በስማቸውም ዘመዳሞች መሆናቸውን ከልጅነታቸው ሊሰሙት ይገባል።

አማርኛ የሀሌታው «ሀ»ን፣ የሐመሩ «ሐ»ንና የብዙኃኑ «ኀ»ን የድምፅ ልዩነት ስላልጠበቀ፣ ስሙ በየመዝገቡ ሀያት፣ ሃያት ወይም ሐያት ተብሎ ይጻፋል። በሥርወ ቃሉ ትክክለኛው በሐመሩ «ሐ» የተጻፈው ነው፤ የዐረብኛው ፊደል አቻ እሱ ነውና፤ «ሕይወት»ም የሚጻፈው በዚሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የልደት ምዝገባ ግዴታ ሆኗል፤ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የሰፈረው አጻጻፍም ልጅቱን እስከ ትምህርት ቤትና እስከ ፓስፖርት ይከተላታል። ወላጆች ልጃቸውን ሲያስመዘግቡ የክብር መዝገብ ሹሙ ስሟን በሐመሩ «ሐ» እንዲጽፍላቸው ይጠይቁ።