የማታውቀው ሰው ፊትህ ሲቀመጥ

ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ግማሹ የቁማር፣ ግማሹ የፍቅር የሆነ አንድ አለ። ሁለቱን መለየት ስላልቻልኩ እንዳለ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊው የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ስሙን እንደተለመደው ትተነዋል።

«የምሠራው ፓርኪንግ ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ልጅ ቤት 16 ሆነን ፖከር እንጫወታለን። ዕጣ ይወጣና ሁለት ሁለት እየሆንን እንገጥማለን፣ የተሸነፈ ይሰናበታል። እያንዳንዳችን 100 ዶላር እናዋጣለን። አንደኛ የወጣ 1000፣ ሁለተኛው 600 ይወስዳል። ሰው ሰውን እየጋበዘ ስለሚመጣ አብዛኞቹን አላውቃቸውም። ስድስት ቅዳሜ ተጫውቼ አምስቴ በመጀመሪያው ግጥሚያ ተባረርኩ፣ አንዴ ብቻ ሁለተኛው ላይ ደረስኩ። እኔ ቸኩዬ የምጫወት ሰው አይደለሁም። ጥሩ ካርታ እስኪመጣልኝ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፣ ሲመጣልኝ ደግሞ ያለኝን ሁሉ እገፋለሁ። ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው? ሌላው ነገር፣ ገንዘቡ ለሠርጋችን ያስቀመጥኩት ነው። እጮኛዬ አዲስ አበባ ናት። ስለዚህ ጉዳይ አታውቅም። ሰባተኛውን ቅዳሜ ልሂድ?»

እንግዲህ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የካርታውን እንጨርስ። እኔ ሂሳብ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ግን ለዚህ ጨዋታ ከማካፈል በላይ ብዙም አያስፈልግም። ከጓደኞቼ ጋር በክብሪት እንጨት እየመደብን ስንጫወት ከመጻሕፍትም እያነበብኩ የያዝኩትን ነው የምነግርህ።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በስውር ይሰጠዋል፤ ከዚያ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ይቀመጣል። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን የሠራ ይበላል። ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለቱም በግዴታ ይመድባሉ፤ በልጁ ቤት ደንብ አንዱ 10፣ ሌላው 20 ቺፕስ ነው። (ቺፕስ ስላችሁ የድንች ጥብስ እንዳይመስላችሁ፤ በገንዘብ ፋንታ የምትቆም ክብ ፕላስቲክ ናት።) እያንዳንዱ ተጫዋች በ1500 ቺፕስ ይጀምራል፣ የግዴታው መደብም በየ15 ደቂቃው እየጨመረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ትዕግሥትህ እንምጣ። ዘጠኝና አሥር ሰው በተቀመጠበት ጠረጴዛ ትዕግሥት ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም የግዴታ መደብ የሚደርስህ ከስንት አንዴ ነው። ሁለት ብቻ ስትሆኑ ግን በየዙሩ ትከፍላለህ፤ አንዴ 10፣ አንዴ 20። ሁልጊዜ ካርታህን የምትጥል ከሆነ በአማካይ በየዙሩ 15 ቺፕስ ይሄድብሃል። ጥንድ ካርታ፣ ማለትም ሁለት ሰባት ወይም ሁለት ኪንግ የመሰለ፣ የሚመጣልህ በአማካይ ከ17 ዙር አንዴ ነው። 17 ጊዜ 15 ስንት ነው? 255! ከ1500ው 255ቱን ገና አንድ ጥንድ ሳታይ አስረክበሃል ማለት ነው። ሁለት አስ እጠብቃለሁ ብትል ደግሞ ከ221 ዙር አንዴ ነው፤ ያን ጊዜ አንተ ቤትህ ተኝተሃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት እዚህ አይሠራም። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ተጠብሶ ይበላል።

ከዚህም የባሰው፣ ፊትህ ያለው ሰው ሞኝ ካልሆነ በአሥር ዙር ውስጥ ነቄ ይልብሃል። «ይሄ ልጅ ዝም ካለ ምንም የለውም፣ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ይዟል» ይላል። ዝም ስትል ይዘርፍሃል፣ ስትንቀሳቀስ ይሸሽሃል። አንተ አታውቀውም፣ እሱ ግን አወቀህ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ትልቁ ነገር የመቀመጫህ ተራ ነው። በሁለት ሰው ጨዋታ አከፋፋዩ ትንሹን መደብ ይከፍላል፤ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ከመገለጡ በፊት ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፤ ከተገለጠ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በየጊዜው ኋላ ይናገራል። ኋላ መናገር ማለት የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ መመለስ ነው። በሽምግልና የተቀመጠ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል። ተራው በየዙሩ ስለሚቀያየር ከሁለት ዙር አንዱ ያንተ ነው። ስለዚህ አከፋፋይ ስትሆን ብዙ ተጫወት፣ ሳትሆን ቆጠብ በል። አንተ በደብዳቤህ «ጥሩ ካርታ» ስትል ተራህን ጭራሽ አላነሳኸውም።

አከፋፋይ ሆነህ ሰውየውን ጨርሶ የማታውቀው ከሆነ፣ ከአሥር እጅ ሰባቱን ወይም ስምንቱን ጨምረህ ግባ። ጨምረህ ነው ያልኩት! 10 አክለህ እኩል በማድረግ ብቻ አይደለም፤ መደቡን ወደ 40 ወይም 50 አድርሰው። የምትጥለው ቁጥራቸው የተራራቀ፣ ምልክታቸውም የተለያየ ትናንሾቹን ነው፤ 2 እና 7፣ 3 እና 8፣ 2 እና 9 የመሳሰሉትን። ኪንግና 2 ይዘህ ነበር? እንዴት ይጣላል! ኪንግና 2 ምልክታቸው ቢለያይ እንኳ በዘፈቀደ ከታደለ እጅ ጋር እስከ መጨረሻው ቢገጥሙ ከግማሽ በላይ ያሸንፋሉ፣ ወደ 53 ከመቶ። ኩዊንና 7 እንኳ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ዘጠኝ ሰው መሀል ቆሻሻ የሚባለው እጅ ሁለት ሰው መሀል ሰው ይሆናል።

ለምን መጨመር? ሂሳቡ ይኸው። መሀል ላይ 30 አለ። አንተ 10 ከፍለሃል፣ ወደ 40 ለማድረስ 30 ታክላለህ። 30 አውጥተህ 30 ለመብላት ነው። ሰውየው ከሁለት አንዴ ቢጥል ካርታህን ሳታየው እንኳ አልከሰርክም። ከሁለት አንዴ ባይጥልም አንተ ኋላ ተናጋሪ ነህ፣ ካርታም ይዘሃል። ደግሞ ጥንድ ያልሆነ እጅ የያዘ ሰው ሦስቱ ካርታ ሲገለጡ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ምንም ጥንድ አይሠራም። ሁለታችሁም ባዶ በሆናችሁበት ጊዜ የሚበላው ቀድሞ ድፍረት ያሳየው ነው።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው። በ2015 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመደብ ጣሪያው የተወሰነውን የሁለት ሰው ሆልደም በኮምፒውተር እስከ ዳር ፈትተውት ነበር። የደረሱበት፣ አከፋፋዩ በረጅም ጊዜ አትራፊ መሆኑን ነው። ያ ኮምፒውተር አከፋፋይ ሲሆን እኩል አድርጎ ዝም ብሎ የሚገባበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል፤ ወይ ይጨምራል ወይ ይጥላል። አንተ የምትጫወተው ጣሪያ የሌለውን ነው፣ አንድ አይደሉም፤ ሐሳቡ ግን ያግዛል።

አከፋፋዩ እሱ ሲሆንስ? ያኔ 20ው ያንተ ነው። እሱ ወደ 40 ቢያደርሰው መሀል 60 አለ፣ አንተ የምትጨምረው 20 ነው። ከአራት አንዴ ብታሸንፍ ይበቃሃል። 7 እና 2 እንኳ በዘፈቀደ ከታደለ እጅ ጋር ከሦስት አንዴ ያህል ያሸንፋሉ! ግን ተጠንቀቅ፤ ከዚያ በኋላ ቀድመህ ተናጋሪው አንተ ስለሆንክ ሂሳቡ ከሚያሳየው ትንሽ መቀነስ አለብህ። ስለዚህ ወደ 40 ካደረሰው በጣም የወረደውን ጥለህ በሌላው ግባ። ወደ 60 ካደረሰው 40 ከፍለህ ነው፣ ከሦስት አንዴ ማሸነፍ ይጠበቅብሃል፤ ከበፊቱ የበለጠ ጣል። እኩል ብቻ አድርጎ ከገባ ደግሞ ጥሩ ከያዝክ ጨምርበት፣ ካልያዝክ ሦስቱን ካርታ በነጻ እይ።

አሁን የሚያስቆጨኝ ቦታ ላይ ደረስን። በደብዳቤህ ላይ እንደነገርከኝ በአራተኛው ዙር አስና 7 ይዘህ፣ እሱ ወደ 50 ሲያደርሰው 1500ውን ገፋህ። ምን ልትበላ? መሀል ያለውን 70! የከፋ የያዘ ሁሉ ጥሎ ይሄዳል፣ አንተም 70 ትበላለህ። የሚከፍልህ ሁለት አሥር ወይም አስና ኩዊን የያዘ ነው፤ በሁለቱም ላይ የማሸነፍ ዕድልህ ከሦስት አንድ አይሞላም። እሱም አስና ኩዊን አወጣ። ይህን «መጥፎ ዕድል» ብለህ ጽፈህልኛል። ዕድል አይደለም ወንድሜ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቺፕሱ ከመደቡ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው፤ ጥሩ ከያዝክ፣ ማለት ትላልቅ ጥንዶች፣ አስና ኪንግ፣ አስና ኩዊን፣ ወደ 150 ወይም 160 መልሰህ ጨምርበት፣ ይበቃል። ሁሉን መግፋት የሚመጣው መደቡ 50 እና 100 ሲደርስና 1500ው ወደ 15 መደብ ሲወርድ ነው።

እስካሁን ያልኩት ስለ ሰውየው ምንም ሳታውቅ ነው። ከዚያ እሱን ማንበብ ትጀምራለህ። ፊቱን ሳይሆን እጁን! ጥቁር መነጽር ያደረገ ሁሉ አራዳ አይደለም፣ በየደቂቃው ሰዓቱን የሚያይም ሁሉ ፈሪ አይደለም። የምትቆጥረው ሦስት ነገር ነው። አከፋፋይ ሲሆን ስንት ጊዜ ይጥላል? አንተ ስትጨምር ስንት ጊዜ ይሸሻል? መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ ምን ይዞ ነበር የጨመረው? የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አንዴ የተገለጠ ካርታ ከአሥር ግምት ይሻላል፤ ብትሸነፍም አይንህን አትንቀል።

የሚሸሽ ሆኖ ካገኘኸው ማንኛውንም እጅ ይዘህ ጨምርበት። የማይሸሽ፣ ሁሉን የሚከፍል ከሆነ ማስፈራራቱን ተወው፤ ደካማውን ጣል፣ ጥሩ ስትይዝ ደግሞ በ60 ፋንታ 80 አስከፍለው። በጨመርክ ቁጥር መልሶ የሚጨምርብህ ከሆነ ነው ችግሩ፣ ምክንያቱም ወንድ ልጅ እዚህ ላይ ይናደዳል። አትናደድ። ከምትገባበት እጅ የወረዱትን ቀንስ፣ ጥሩው ሲመጣ እሱው ራሱ ቺፕሱን ያመጣልሃል። ግን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ስለጨመረ ብቻ «ይሄ እብድ ነው» አትበል። ሦስት ጊዜ ጥሩ ካርታ ለሰው አይደርሰውም እንዴ? 15 ወይም 20 ዙር ሳታይ ፍርድ አትስጥ፤ እስከዚያ የማታውቀው ሰው ነው።

ካርታው ይህ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሠርጉ።

ያልኩህን ሁሉ ተለማምደህ ከ100 ግጥሚያ 55ቱን የምታሸንፍ ሰው ሆንክ እንበል። ይህ ቀላል አይደለም። ገንዘብ ለማግኘት ሦስት ግጥሚያ በተከታታይ ማሸነፍ አለብህ፤ ያ ከስድስት ቅዳሜ አንዴ ገደማ ነው። በአማካይ ለ100 ዶላርህ 136 ይመለስልሃል፤ ጥሩ ንግድ ይመስላል። ነገር ግን ከስድስት ቅዳሜ አምስቱን ኪስህ ባዶ ሆኖ ነው የምትወጣው። ስድስቱንም በተከታታይ ባዶ መውጣት ለዚህ ጎበዝ ሰው እንኳ ከሦስት አንድ የሚደርስ ዕድል አለው። በ2017 ፒትስበርግ ውስጥ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ከአራት ባለሙያዎች ጋር በተናጠል ሲጫወት ማን እንደሚበልጥ ለመለየት 20 ቀን ሙሉ 120,000 ዙር አጫውተዋቸዋል። አንተ በአንድ ግጥሚያ 50 ወይም 60 ዙር ነው የምትጫወተው። በዚያ ውስጥ ዕድል እንደፈለገ ይጋልባል።

ከ100 ዶላር ባነሰ መግቢያ ተነስቶ በ2003 የዓለምን ትልቁን ውድድር ስላሸነፈው የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ አንስተህልኛል። እውነት ነው፣ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ተወዳዳሪዎቹ ግን 839 ነበሩ፤ የሌሎቹን ታሪክ ማን ነገረህ?

ለሠርግ የተቀመጠ ገንዘብ ቀን አለው። የፖከር ገንዘብ ቀን ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ሰባተኛውን ቅዳሜ ከዚያ ገንዘብ ላይ አትሂድ፤ ለዚህ «ምናልባት» የለኝም። ለእሷ ደግሞ ንገራት። በስልክ፣ በድምፅህ፣ መልእክት ጽፈህ አይደለም። 600 ዶላር መሆኑን ቁጥሩን ጥራ፤ «ትንሽ ብር» አትበል፣ የሴት ልጅ ጆሮ «ትንሽ ብር» ሲባል ብዙ ነው የሚሰማው። በስንት ወር እንደምትተካውም አስበህ ደውል። ሊከፋት ይችላል፣ ሁለት ቀን ስልክ ላታነሳም ትችላለች። በሠርጉ ዋዜማ ከሌላ ሰው ብትሰማው ግን ሁለት ቀን ብቻ አይሆንም፤ ሜሪላንድና አዲስ አበባ ወሬ ሲሆን ጎረቤት ናቸው።

ከነገርካት በኋላ ከራስህ የኪስ ገንዘብ 100 ዶላር ተርፎህ፣ እሷም «ሂድ፣ ግን ከዚህ አይለፍ» ካለችህ ሂድና ተጫወት። የመጀመሪያው አከፋፋይ አንተ ከሆንክ፣ ኪንግና 4 ከደረሰህ፣ ወደ 50 አድርሰው። ከዚያ ምን እንደሚያደርግ እየው።

በሚቀጥለው ሳምንት የአከራዩን ልጅ ወድዶ ኪራይ መክፈል ያፈረ ተማሪ ደብዳቤ አለ። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!