ስድሳ ጊዜ የተሸነፈው መምህር

በሐረር ከተማ በፈረስ መጋላ ወደ ማታ የቆመ ሰው የተማሪዎችን ክርክር ሳይሰማ አይቀርም። ከኳስ ጨዋታ ተመልሰው በአደባባዩ ሲያልፉ ያሸነፉት ይፎክራሉ፤ የተሸነፉት ግን ጥፋቱን አንዱ በሌላው ላይ ይጥላል፤ በመጨረሻም ሁሉ ተስማምተው በአሠልጣኛቸው ላይ ይጭኑታል። «እርሱ ጨዋታ ቢያውቅ ኖሮ እኛ ባልተሸነፍን» ይላሉ። ይህ ፍርድ ለጆሮ እውነት ይመስላል፤ እኔ እንደማስበው ግን የተሳሳተ ፍርድ ነው። ይህንንም ለማስረዳት የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ያወጣውን ሰው ታሪክ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሰው ጄምስ ኔይስሚዝ ይባላል፤ ትውልዱም ካናዳ ነው። ተፈሪ መኮንን በሐረር አጠገብ በኤጀርሳ ጎሮ በተወለዱበት በ1884 ዓ.ም.፣ እርሱ በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ አስተማሪ ነበረ። ብርዱ በርትቶ በሜዳ መጫወት ስላልተቻለ፣ አለቃው በቤት ውስጥ የሚሆን አዲስ ጨዋታ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያወጣ አዘዘው። እርሱም በታኅሣሥ ወር ሁለት የኮክ ቅርጫት በአዳራሹ በሁለት ወገን አሰቀለ፤ 13 ሕግ ጻፈ፤ 18 ተማሪዎቹንም ዘጠኝ በዘጠኝ አድርጎ አጫወታቸው። ኳስ ይዞ መሮጥን፣ መግፋትንና ማደናቀፍን ከለከለ። ቅርጫቱንም ከፍ አድርጎ ማሰቀሉ ከጉልበት ይልቅ ብልሃት እንዲያሸንፍ ነው። በዚያ ቀን በቅርጫት የገባው ኳስ አንድ ብቻ ነበረ።

በ1891 ዓ.ም. ኔይስሚዝ ወደ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። የተቀጠረውም የጸሎት ቤቱን ሥራና የሰውነት ማጠንከሪያ ትምህርትን እንዲመራ ነው። እዚያም የተማሪዎችን ቡድን አቆመ፤ ቡድኑም በዚያው ዓመት በመጀመሪያው ጨዋታ 16 ለ5 ተሸነፈ። ኔይስሚዝ እስከ 1899 ዓ.ም. ድረስ ዘጠኝ የውድድር ዘመን አሠለጠነ፤ 55 ጊዜ አሸነፈ፤ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶችን ቡድን ካሠለጠኑት ሁሉ ሽንፈቱ ከድሉ የበዛ እርሱ ብቻ ነው። እንግዲህ በፈረስ መጋላ በሚሰማው ፍርድ ከሄድን፣ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ጨዋታውን አያውቅም ልንል ነው!

ነገር ግን ከእርሱ እጅ የወጡትን ተመልከቱ። ከተማሪዎቹ አንዱ ፎረስት አለን፣ በእርሱ ሥር ተጫውቶ በኋላ ቦታውን ወረሰ፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ቡድን ጋርም 590 ጊዜ አሸነፈ። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በ1926 ዓ.ም. ጆን ማክሌንደን የሚባል ወጣት ወደ ካንሳስ መጣ። ቆዳው ጥቁር ስለ ሆነ በዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። በዚያ ጊዜ ኔይስሚዝ ሽማግሌ ሆኖ፣ ማሠልጠኑን ትቶ ያስተምር ነበረ። ይህን ወጣት ተቀብሎ መከረው፤ የአሠልጣኝነትንም ሥራ አስተማረው። ማክሌንደንም ከ1949 እስከ 1951 ዓ.ም. የቴኔሲን ስቴት ቡድን እየመራ በኮሌጆች የአገር ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸናፊ ሆነ። አንድ ጨዋታ እንኳ እንዳይጫወት የተከለከለው ልጅ የብዙዎች መምህር ሆነ። ይህ ድል በ55ቱ ውስጥ አልተቆጠረም፤ ነገር ግን ከ55ቱ ሁሉ ይበልጣል።

ምናልባት አንዱ ተነሥቶ «እንግዲያስ መሸነፍ መልካም ነው ወይ?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ልምምድ ሰንፎ፣ ሰዓት አሳልፎ መጥቶ የተሸነፈ ቡድን ወቀሳ ይገባዋል፤ የኔይስሚዝንም ስም መሸሸጊያ ሊያደርገው አይገባም። ለማሸነፍ የማይደክም ተጫዋች ባልንጀሮቹንም ተቃራኒዎቹንም ያታልላል። እኔ የምለው የግብ ቍጥር የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ የውድድሩ ዘመን በልጆቹ ላይ የሠራው ሥራ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ይታወቃል ነው። ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረስ የሚያውቅ ገዢም በአንድ ግልቢያ አይፈርድም፤ ጥርሱን ያያል፤ ኮቴውን አንሥቶ ይመረምራል፤ አመሉን ይጠይቃል። ለፈረስ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለመምህሩና ለባልንጀራው ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋልን?

ስለዚህ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ የውድድሩ ዘመን ሲፈጸም ስንት ጊዜ እንዳሸነፋችሁ ቍጠሩ፤ መቍጠሩ ነውር የለበትም። ነገር ግን ደግሞ ሕጉን ዳኛው በማያይበት ቦታ ጠብቀን ነበርን? ደካማውን ባልንጀራችንን አበረታነው ወይስ አባረርነው? ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ተሸንፋችሁም በፈረስ መጋላ ስታልፉ መምህራችሁን አትሙት፤ ይልቁንም ወደ እርሱ ቀርባችሁ የነገው ልምምድ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ ጠይቁት።