ጤናችን፦ በሬው ከመሸጡ በፊት

ባለፈው ስለ ንጹሕ ውሃ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ስለ ሕክምና ገንዘብ እንነጋገራለን። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤትም አንብቡለት።

አንድ አባወራ ነበር። ልጁን ሌሊት ትኩሳት ያዘው፤ ትንፋሽም አጠረው። ሲነጋ አባትየው ልጁን አዝሎ ወደ ከተማ ወረደ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በር ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ አየ። "ይሄ ሁሉ ሰው እስኪገባ ልጄ ይሞትብኛል" ብሎ ወደ ግል ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ወረፋ የለም። ልጁ ቶሎ ታየ፤ ዳነም። ሂሳቡ ሲመጣ ግን የያዘው ገንዘብ አልበቃም። ተበደረ። ዕዳውን ለመክፈል ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። ክረምት ገባ። በአንድ በሬ አይታረስምና መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ሰጠ። ልጁ ዳነ፤ ቤቱ ግን ታመመ።

በዚያው ሰሞን የጎረቤቱም ልጅ እንዲሁ ታሞ ነበር። እናቲቱ ከዚያው ወረፋ ቆመች። "ልጄ መተንፈስ አቃተው!" ብላ ተናገረች። ነርሷ መጥታ አየችውና አስቀደመችው። ልጁ ታከመ። እናቲቱ ምንም አልከፈለችም።

አባወራው ይህን ሲሰማ ገረመው።

"እትዬ፥ አንቺ እንዴት ሳትከፍይ ቀረሽ?"

"አያ፥ ከፍያለሁ እንጂ። እኔ የከፈልኩት ልጄ ሳይታመም፥ እህል ሲገባ ነው።"

እናቲቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ናት። ይህ መድኅን በ2003 ዓ.ም. በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ደርሷል። ሥራው እንደ እድር ነው። ሁሉም በዓመት ያዋጣል፤ የታመመው ይታከምበታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? መክፈል የማይችለውን ድሃ ቀበሌው ይመርጣል፤ መንግሥት ይከፍልለታል።

የግል ሐኪም ጠላታችን አይደለም። ብዙ ሰው ያድናል። ነገር ግን ለሁሉም ዋጋው አንድ ነው። ያ ዋጋ ለነጋዴው የአንድ ቀን ትርፍ ነው፤ ለገበሬው በሬ ነው። ሕይወት በኪስ ልክ ከተመዘነ ፍትሕ የለም።

የመንግሥቱም ቤት እንከን አለበት። ወረፋው ይረዝማል። መድኃኒት ይጠፋል። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ሳለ "መድኃኒቱን ከውጭ ግዛ" ቢባል ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። ስለዚህ ዝም አትበሉ። ደረሰኝ ያዙ። የወረዳውን የጤና መድኅን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። በቀበሌ ስብሰባም ተናገሩ። ገንዘቡ የእናንተ ነው።

እነዚህን አትርሱ፦

1. ምዝገባ ጊዜ አለው፤ በብዙ ቦታ ከመኸር በኋላ ነው። ከታመሙ በኋላ መሮጥ አይጠቅምም።

2. መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ ሆስፒታል የምትሄዱት ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሲሰጣችሁ ነው።

3. የእርግዝና ክትትል፥ ወሊድ፥ የሕፃናት ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። መድኅን ለሌለውም ነጻ ነው።

4. በሽተኛው ከጠናበት ወረፋ አትጠብቁ። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

አዲስ ቃላት፦ መድኅን፥ መዋጮ፥ ደረሰኝ፥ ሪፈር። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ጻፉ።

እንወያይ፦ በቀበሌያችን መድኅን ያልገባ ማን አለ? ያልገባው ለምንድን ነው? ገንዘብ አጥቶ ነው ወይስ ሳይሰማ ቀርቶ? አጥቶ ከሆነ ከድሆች መዝገብ ስሙ አለ? ከሌለ ማን ይናገርለት?