ሰዓቱ የማን ነው?

ወረታ ላይ ዳማ ለመጫወት ካርቶንና ቆርኪ ይበቃል። ለውድድር ግን ሕግም ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባና ተማሪው ከየግቢው ሲመለስ በየሰፈሩ ውድድር ይዘጋጃል፤ ጭቅጭቁም አብሮ ይመጣል። በእኔ እምነት የጭቅጭቁ ምንጭ ተጫዋቾቹ ሳይሆኑ የሰዓቱና የነጥቡ አሰጣጥ ነው።

እኔ ያየሁት ሕግ እንዲህ ይላል፦ ለአንድ ጨዋታ 30 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሰዓቱ ካለቀ ቆርኪ ተቆጥሮ ብዙ የተረፈው ያሸንፋል፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ታዲያ በአንድ ቆርኪ የመራ ሰው ምን ያደርጋል? እጁን አገጩ ላይ አድርጎ መቀመጥ ነዋ! ባለፈው ክረምት በአንድ ጨዋታ የመጨረሻው 10 ደቂቃ በሁለት እርምጃ ብቻ አለቀ። ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣው ልጅ አንዲት ጨዋታ ተጫውቶ፣ እሷንም ሳይጨርስ ተመለሰ።

«ድሮስ ሰዓት ነበር ወይ?» የሚሉ አሉ። በአገራችን ሰንጠረዥ በእርግጥ አልነበረም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚሁ ጨዋታ ባሳተሙት ጥናት እንደምናነበው፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር። ያ ግን የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ 16 ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚፎካከርበት አይደለም።

መፍትሔው ከቼዝ ሊወሰድ ይችላል። በቼዝ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ሰዓት አለው፤ ያሰበ ከራሱ ይከፍላል። ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ብንሰጥ ጨዋታው ያው ከ30 ደቂቃ አያልፍም። የሁለት ሰው ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም ደግሞ በሞባይል በነፃ ይገኛል። ሰዓቱ ያለቀበት ይሸነፍ፤ ያሸነፈ 1፣ አቻ የወጣ ግማሽ፣ የተሸነፈ 0 ያግኝ። ቆርኪ መቁጠር ይቅር። በገበጣ ጠጠር መቁጠር የጨዋታው ሕግ ነው፤ በዳማ ግን አይደለም።

ጥሎ ማለፉስ? 16 ተጫዋች በ4 ዙር 15 ጨዋታ ተጫውቶ ይጨርሳል፤ 8ቱ ግን ከአንድ ጨዋታ በኋላ ተመልካች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዙሪክ የተጀመረው የስዊስ ስልት ነጥባቸው እኩል የሆኑትን በየዙሩ ያገናኛል። እሱም 4 ዙር ይበቃዋል፤ 32 ጨዋታ ይደረጋል፤ ሁሉም አራት አራት ጊዜ ይጫወታል። በነጥብ እኩል ከሆኑ የተጋጣሚዎቻቸው ነጥብ ይደመርና ከጠንካሮቹ ጋር የተጫወተው ይቀድማል። እስከ መጨረሻው 8 ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ካርቶንና ቆርኪ ደግሞ በፎገራ አይጠፋም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ድርሻ አለን። ውጤት ስንዘግብ «ማን አሸነፈ?» ብለን እናቆማለን። «በምን ሕግ?» ብለንም እንጠይቅ። ያ ከገጠር የመጣው ልጅ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ነው።