ለአነስተኛ መሬት የመጀመሪያው ትራክተር፤ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ሥራው ይቆጠር

በከተማ ነግዶ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ሰው ፊቱን ወደ እርሻ ማዞሩ አዲስ ነገር አይደለም። በቢሾፍቱ፣ በሆለታ፣ በሰንዳፋና በመቂ ዙሪያ ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ሄክታር በሊዝ ወይም በኪራይ ይዞ ወተት፣ አትክልት ወይም ጤፍ ለማምረት የሚነሣ ባለሀብት ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት ከሚያወጣቸው ወጪዎች ሁሉ ትልቁ ብዙውን ጊዜ ትራክተር ነው። የሚያሳዝነው ግን ይኸው ትልቁ ወጪ በጥቂቱ የሚታሰብበት መሆኑ ነው። ገዢው ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፈረስ ጉልበቱና ስለ ዋጋው ይጠይቃል፤ ትራክተሩ በዓመት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ግን አይጠይቅም። ሻጩም አይነግረውም።

የገበያው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አራት ሄክታር ያለው ሰው የአርሲና የባሌን ሰፊ የስንዴ ማሳ የሚያርሰውን ዓይነት ትልቅ ትራክተር ይገዛል፤ አለዚያም ዋጋው ስለቀለለ ብቻ ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ትራክተር ይዞ ይሄድና ከዋልካ አፈር ጋር ይታገላል። በሁለቱ መካከል ያለው፣ ከ25 እስከ 45 የፈረስ ጉልበት ያለው አነስተኛ ባለ አራት ጎማ ትራክተር ለእንዲህ ያለው ይዞታ የተሠራ ሆኖ ሳለ ብዙዎች ሳያዩት ያልፉታል።

ሰዓቱ ሲቆጠር

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሁለት ዲስክ ያለው ማረሻ በአንድ ጉዞ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ያርሳል እንበል። ትራክተሩ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በመዞርና በመቆም ከጊዜው ሩቡን ቢያጣ፣ በሰዓት 2,250 ካሬ ሜትር ያርሳል ማለት ነው። አንድ ሄክታር ለማረስ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። አራት ሄክታር ሁለት ጊዜ ለማረስ 36 ሰዓት፣ አንድ ጊዜ በሃሮ ለመከስከስ ደግሞ ከ6 ሰዓት ያልበለጠ ይበቃል። በጠቅላላው የዓመቱ እርሻ ከ42 ሰዓት አይዘልም፤ ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

ሳር ማጨድ፣ ፍግ ማውጣት፣ ውኃና መኖ በተጎታች ማጓጓዝ ሲጨመርበት 150 ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ትራክተሩ ለስሌት እንዲቀል አንድ ሚሊዮን ብር ተገዝቶ በአሥር ዓመት ቢያረጅ፣ በዓመት 100,000 ብር እርጅና አለበት። በአማካይ የታሰረው ግማሽ ሚሊዮን ብር በ16 በመቶ ወለድ ሲታሰብ ሌላ 80,000 ብር ይሆናል። ይህ 180,000 ብር ለ150 ሰዓት ሲካፈል፣ ናፍታ ሳይቀዳ፣ ዘይት ሳይቀየርና ኦፕሬተር ሳይከፈል እያንዳንዱ ሰዓት 1,200 ብር ያስወጣል። ያው ትራክተር በዓመት 600 ሰዓት ቢሠራ ግን የሰዓቱ ወጪ ወደ 300 ብር ይወርዳል። ዋጋው በየጊዜው ይለዋወጥ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም።

እንግዲህ ገዢው ይህንን የራሱን የሰዓት ወጪ በአካባቢው ከሚጠየቀው የኪራይ ዋጋ ጋር ማስተያየት አለበት። ሥራው እርሻ ብቻ ከሆነ ኪራይ ያዋጣዋል፤ መግዛቱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንበታል። ሥራው የዕለት ተዕለት ከሆነ፣ ማለትም ላም ያለው፣ መኖ የሚያጭድ፣ በየቀኑ ውኃና ፍግ የሚያመላልስ ከሆነ፣ አነስተኛ ትራክተር ራሱን ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ይገዛ የሚል ሳይሆን ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚል ነው።

ትልቅ ቢገዛስ?

ብዙ ደላሎች የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ። ትልቁን ገዝቶ ለጎረቤት ማከራየት ይሻላል፤ ሰዓቱም በዚያው ይሞላል ይላሉ። ይህ አባባል ጨርሶ ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ የባለቤቱ መሬት እርሻ በሚፈልግበት ሳምንት የጎረቤቱም መሬት ይፈልጋል። ዝናቡ ለሁሉም የሚጥለው በአንድ ጊዜ ነው። የሚያከራይ ሰው ወይ የራሱን ያስዘገያል፣ ወይ ደንበኛውን ያጣል። ከዚህም ሌላ ኪራይ ኦፕሬተር መቅጠርን፣ ሒሳብ መሰብሰብን፣ በየቀበሌው መመላለስንና በሰው ማሳ ውስጥ ድንጋይ የሰበረውን ዲስክ መተካትን ይጠይቃል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ንግድ ነው። የወተት እርባታ ለመክፈት የተነሣ ሰው ሳያስበው የትራክተር አከራይ ሆኖ ቢገኝ፣ ላሞቹም ትራክተሩም በወጉ ላይያዙለት ይችላሉ።

የፈረስ ጉልበቱ በደጋ ይቀንሳል

ሌላው ገዢዎች የማይጠይቁት ነገር ከፍታ ነው። በወረቀት ላይ የሚጻፈው የፈረስ ጉልበት ከባሕር ወለል ብዙም ባልራቀ ቦታ የተለካ ነው። ተርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ምክንያቱም በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ናፍታውን በሚገባ የሚያቃጥልበትን አየር አያገኝም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በሆለታ አካባቢ 35 የተባለው ሞተር 27 ያህል ይቀርለታል። ከዚህም ላይ እስከ ኋላው የኃይል ማውጫ ዘንግ ድረስ ሲሄድ የሚባክን አለ። ተርቦ ያለው ሞተር ጉዳቱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም የተርቦ ጥገና ርካሽ አይደለም።

በመሆኑም የደጋ ገዢ ሊገዛ ካሰበው አንድ ደረጃ ከፍ ማድረጉ ተገቢ ነው። ይህም ቢሆን ጉልበት ብቻውን አያርስም። ማረሻ የሚጎተተው በክብደትና በጎማ መያዣ ነው። ቀላል ትራክተር በእርጥብ ዋልካ ላይ ሞተሩ ሳይደክም ጎማው ይሽከረከራል። አራቱም ጎማዎች የሚነዱ መሆናቸው በእንዲህ ያለ አፈር እንደ ጌጥ የሚታይ አይደለም። ከ12 እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው የእጅ ትራክተርም ቦታው ሌላ ነው፤ በመቂና በባቱ አካባቢ እንዳሉት ባሉ አነስተኛ የመስኖ አትክልት ማሳዎችና ቀለል ባለ አፈር ይጠቅማል፤ ውኃ መሳቢያ ፖምፓም ያንቀሳቅሳል። ከባድ ጥቁር አፈር ግን አቅሙ አይደለም።

ማረሻውም አብሮ መታሰብ አለበት። ሦስት ዲስክ ያለው የተለመደው ማረሻ ከ60 የፈረስ ጉልበት በላይ ላለው ትራክተር የሚገጠም ነው። የማንጠልጠያው ፒን እንኳ አይገጥምም፤ የአነስተኛው ትራክተር የታችኛው ክንድ ፒን ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ሲሆን የትልቁ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትራክተሩን ገዝቶ ማረሻውን በኋላ መርካቶ እፈልጋለሁ የሚል ሰው፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ይደርስበታል። ዋጋ ሲጠየቅ ትራክተሩ፣ ማረሻው፣ ሃሮውና ተጎታቹ በአንድ ፕሮፎርማ ላይ ሰፍረው መጠየቅ አለባቸው።

ርካሹ ትራክተርና መለዋወጫው

ስለ መለዋወጫ ለሰው ብለው ሲያሙ ለእኔ ብለህ ስማ የሚያሰኝ ታሪክ በአሜሪካ አለ። በጃፓን ለአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ ያገለገሉ የኩቦታ ትራክተሮች በአስመጪዎች አማካይነት በርካሽ ወደ አሜሪካ ይገቡ ነበር። ጉዳዩ ለአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሚሽኑ ለኩባንያው ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1999 ውሳኔውን አጸና። ምክንያቱ የንግድ ምልክት ይሁን እንጂ በክርክሩ የወጣው ነገር ለማንኛውም ገዢ ትምህርት ነው። ትራክተሮቹ በስም አንድ ሆነው ሳለ ከአሜሪካዎቹ የተለዩ ነበሩ፤ የማስጠንቀቂያ ጽሑፎቻቸው በጃፓንኛ ነበሩ፤ ከክፍሎቻቸው አንዳንዶቹም በአሜሪካ ካሉት ሞዴሎች ጋር አይመሳሰሉም ነበር።

እዚህም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። የታወቀ ስም በኮፈኑ ላይ ተጽፎ መታየቱ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል ማለት አይደለም። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የአምስት ዕቃ ዝርዝር ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ ይበጀዋል፤ የናፍታና የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የሃይድሮሊክ ፖምፓ፣ የውኃ ፖምፓና የፊት ጎማ። አምስቱም በአንድ ቀን ዋጋ ከተጠራላቸው ጥሩ ነው። ሁለቱ ከውጭ ይመጣሉ ከተባለ፣ ትራክተሩ በእርሻ ወቅት የሚቆምበት ቀን ከአሁኑ ታውቋል ማለት ነው።

ያገለገለ የሚገዛም ሰዓት ቆጣሪውን ብቻ አይመን። የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ መሪው ከተንቀጠቀጠና የኃይል ማውጫው ዘንግ ጥርስ ከተበላ ቆጣሪው 800 ቢልም አይታመንም። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ሊነሣ ይገባል፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከሞቀ በኋላ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ዘይት ይበላል። ማረሻውን አንሥቶ ሞተሩን አጥፍቶ መጠበቅም ጥሩ ፈተና ነው፤ ማረሻው በጥቂት ደቂቃ መሬት ከነካ ሃይድሮሊኩ ይፈሳል።

ሳሩና ገደሉ

በደጋው አገር ሜዳ ጥቂት ነው። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለትራክተር ገዢም ይሠራል። አነስተኛ ትራክተር ጠባብና አጭር በመሆኑ በተዳፋት ላይ፣ በተለይም የተሞላ የፊት ሎደር ከፍ አድርጎ ሲዞር፣ በቀላሉ ይገለበጣል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ ትራክተር ሁሉ ነጂውን የሚከላከል ብረት እንዲኖረው በሕግ ካስገደደች በኋላ በመገልበጥ የሚደርሰው ሞት በእጅጉ ቀንሷል። ከነጂው ኋላ የሚቆመው ይህ ብረት ዋጋ ለመቀነስ ተብሎ የሚተው ዕቃ አይደለም። ቀበቶውም አብሮ ይታሰራል፤ ብረት በሌለው ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ መታሰር የለበትም። ኦፕሬተሩ የሰው ልጅ፣ የሰው አባት ነው፤ ባለሀብቱም በኃላፊነት ይጠየቅበታል።

ገንዘቡ ከየት?

የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ማሽንና መለዋወጫም ተሰቅሏል። በሌላ በኩል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ለእርሻ ሜካናይዜሽን ማሽኖች የቀረጥና የታክስ ነፃ መብት ፈቅዷል። ሆኖም ገዢው በፕሮፎርማው ላይ ያለው ማረሻ፣ ተጎታችና መለዋወጫ በዝርዝሩ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ውል ከመፈረሙ በፊት ማረጋገጥ አለበት።

የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ በ1990 ዓ.ም. ወጥቶ በ2005 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በዚህ መንገድ ማሽኑን አከራዩ ገዝቶ ለተከራዩ ያቀርባል፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ተከራዩ 20 በመቶ አዋጥቶ ቀሪውን ባንኩ የሚሸፍንበትን አሠራር ዘርግቷል። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት የማይሸጥና የማይለወጥ በመሆኑ፣ ለአነስተኛ የእርሻ ባለሀብት ትራክተሩ ከጥቂቶቹ የሚሸጡ ንብረቶቹ አንዱ ነው። ክፉ ቀን ቢመጣ የሚሸጠው እሱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በርካሽ የሚገኘው፣ ነገ ደላላው ስሙን ሰምቶ ዋጋ የሚጠራለት መሆኑም ሊታይ ይገባል።

ነጋዴውም ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም አለ። ትልቁን ትራክተር ለትንሽ መሬት የሸጠ አስመጪ አንድ ጊዜ ያተርፋል፤ ገዢው ሲከስር ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ ይሰማሉ። አነስተኛውን ከነማረሻው፣ ከነመለዋወጫውና ከነመካኒኩ የሚያቀርብ ግን በየዓመቱ ፊልትሮና ጎማ የሚገዛ ደንበኛ ያፈራል። የአነስተኛ ትራክተር ገበያ የሚሰፋው የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሲያተርፉ ነው። ገዢውም ወደ መጋዘኑ ከመሄዱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ የመሬቱን ስፋት፣ የአፈሩን ዓይነት፣ ከፍታውን፣ ተዳፋቱንና የዓመቱን የሥራ ሰዓት ይጻፍ። ሰዓቱ ካነሰ ይከራይ፤ ከበዛ ይግዛ። ሲገዛም ሥራውን የሚችለውን ይግዛ እንጂ ጎረቤቱን የሚያስደንቀውን አይግዛ።