ኳስ ነው ወይስ ሎተሪ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ጓደኛሞች ማድሪድን ለማድሪድ ይዘው ቢገጥሙ የተሸነፈው ምክንያት የለውም። ተበልጧል፣ አለቀ። በፊት ፊፋ፣ እ.ኤ.አ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ በሚባለው ጌም ውስጥ ያለው "አልቲሜት ቲም" ግን ሌላ ነው። እዚያ ቡድን የሚሠራው በተጫዋቾች ካርድ ነው። ካርዱ ብዙ ተጫውቶ በሚጠራቀም የጌሙ ሳንቲም ይገኛል፤ የቸኮለ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የታሸገ ፓኬት ይገዛል። ውስጡ ማን እንዳለ ግን አያውቅም። ኩባንያው ከ2018 ጀምሮ ዕድሉን በመቶኛ ያሳያል፤ ለምርጦቹ ካርዶች የሚጻፈው ብዙ ጊዜ "ከ1 በመቶ በታች" ነው!

በዚያ ላይ ዓመቱን ሙሉ ጉልበታቸው የጨመረ ካርዶች ይወጣሉ። በመስከረም የተመኩበት ተከላካይ፣ ጥር ላይ "የዓመቱ ምርጥ" ካርድ ያለው አጥቂ ሲመጣበት ቆሞ ተመልካች ይሆናል።

"ያልፈለገ አይግዛ" የሚሉ አሉ። ያልገዛው እኮ ከገዛው ጋር አንድ ሜዳ ላይ ነው የሚገጥመው!

የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን በ2018 እንዲህ ያለው ሽያጭ ቁማር ነው አለ። ኩባንያውም በ2019 በዚያ አገር ፓኬት በገንዘብ መሸጡን አቆመ። ታዲያ ጌሙ ሞተ? አልሞተም፤ ቤልጂየሞች በሳንቲማቸው መጫወታቸውን ቀጠሉ።

ለሌላውም አገር ይኼው ይሁን። ካልሆነ ደግሞ የሚሸጠው ካርድ ስሙና ዋጋው ተጽፎበት ይሸጥ፤ ያልከፈለም ካልከፈለ ጋር ይገናኝ። በኳስ መሸነፍ ያለ ነው። በኪስ መሸነፍ ግን ያናድዳል።